አኒሞኔ ቆዳው እየተላጠ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄውን የዓሣ ገንዳ ወዳጆች በአማርኛ የሚወያዩበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። እሁድ ሌሊት ነበር። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ገንዳው ፊት ቁጭ ብያለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ነው። ሳሎኔ ውስጥ 150 ሊትር የምትይዝ የጨው ውኃ ገንዳ አለችኝ። ባለቤቴ ጣውንቴ ነው የምትላት።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ከአንድ የዓሣ መሸጫ አኒሞን የሚባል፣ አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ ገዝቼ ነበር። ሲያዩት ያፈዝዛል። ረጃጅም ሐምራዊ ክንዶቹ እንደ ሐር ክር ይዘናፈላሉ፤ መሐሉ አረንጓዴ ነው። ሻጩ ክላውንፊሽ የሚባሉት ዓሦቼ እንደሚወዱት ነግሮኝ ነበር። አመጣሁና ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ድንጋዩን አልያዘም። ተንሸራቶ ወረደና አሸዋው ላይ በጎኑ ተጋደመ። ከአንገቱ በታች ግራጫ፣ ዝልግልግ፣ ያረጀ ካልሲ የመሰለ ነገር ተጠቅልሎበታል። አሸዋ፣ የዛጎል ስብርባሪና የዓሣ ኩስ ተለጥፎበታል። ጥቃቅን ጥቁር ላባ መሳይ ነገርም በቅሎበታል። ሻጋታ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጓንት አጠለቅኩ፤ ወረንጦና መቀስ ያዝኩ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እያነሳሁ ገፈፍኩት። ከሥሩ ታቹ የሾለ፣ ለስላሳ፣ ወፍራም ትል የሚመስል አካል ወጣ።

በነጋታው ክንዶቹ ተጨማደዱ። በዚያው ሳምንት ትንሿ ጎቢ ዓሣዬ ደብዛዋ ጠፋ።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ሁለት ፎቶ አያይዤ ለመለጠፍ ፈለግኩ። ፎቶዎቹ እምቢ አሉ። ጽሑፉን ብቻ ለቅቄ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ውይይቱ 47 መልስ ደርሷል። አንዳንዱ ወርቅ ነው፣ አንዳንዱ ገለባ። በቁጥሩ ቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ገለባውን እየዘለልኩ።

መልስ 1 በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው የመጣው። ጨዋ ሰው ነው። መጀመሪያ እግዜር ይማርልህ አለኝ፤ ለአኒሞን መሆኑ ነው። ከዚያ ውኃውን ሲሶ ያህል እንድቀይር፣ ጨዉን እንድለካ፣ የቀረውንም ቆሻሻ በደንብ እንዳጸዳለት መከረኝ። ደስ አለኝ። ጠዋት ስነሳ ልክ እንዳለኝ አደረግኩ። ይህንን ልብ በሉልኝ።

መልስ 2 ፎቶ ጠየቀ፤ ምንም አልጨመረም። መልስ 3 የእኔ ፎቶ ነው።

ነገሩ የተገለጠው በመልስ 4 ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ አካባቢ የሚኖር ጠላቂ ነው የጻፈው። ፎቶውን እንዳየ ሁለት ነገር እንድቆጥር አዘዘኝ። አንደኛ፣ ክንዶቹ በሁለት ክብ ረድፍ መሆናቸውን። ረጃጅሞቹ በውጭ፣ አጫጭሮቹ በአፉ ዙሪያ። ሁለተኛ፣ ታቹ ላይ የሚጣበቅ መቀመጫ አለመኖሩን። ሄጄ አየሁ። እንዳለው ነው። እንግዲያው የገዛሁት ተራ አኒሞን እንዳልሆነ ነገረኝ። ይህ በቱቦ ውስጥ የሚኖረው ዘመዱ ነው። ተራው አኒሞን ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ ሲደነግጥ ክንዶቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ኳስ ይሆናል። ይህኛው ክንዶቹን ወደ ሰውነቱ መሰብሰብ አይችልም። የሚያውቀው መሸሻ አንድ ብቻ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ቁልቁል መጥለቅ። ሰይፍ አፎቱ ውስጥ እንደሚገባ። እኔ ሻጋታ ብዬ የገፈፍኩት ያንን አፎት መሆኑን ሲጨምር ወገቤን ቆረጠኝ።

መልስ 5 ነገር ይዞ መጣ። ዱባይ ውስጥ የቤት እንስሳት መሸጫ የሚሠራ ወንድማችን ነው። አኒሞን ምን ጊዜም አኒሞን እንደሆነ፣ እሱ ራሱ እንዲህ ያለውን ከአሥር በላይ በባዶ መስታወት ውስጥ አስቀምጦ እንደሸጠ፣ ከመጽሐፍ የሚለቀም ዕውቀት ሱቅ ውስጥ እንደማይሠራ ጻፈ። ለጠላቂው መሆኑ ገባን። ጠላቂው በዚያው መልስ ሥር ገብቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፤ ከተሸጡት መካከል ስንቱ ዓመት እንደሞላው። መልስ አልነበረም። ያኔ አልነበረም ማለቴ ነው።

መልስ 6 ረጅም ነው። የጻፉት ከጎንደር የሚከታተሉን ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ገንዳ የላቸውም። ባሕር አይተውም እንደማያውቁ አንድ ጊዜ አጫውተውናል። ግን ስለ ባሕር እንስሳት እሳቸው ሲጽፉ ሁላችንም ዝም ብለን ነው የምናነበው። ለዱባዩ ሰው በትሕትና ነው የመለሱለት። እነዚህ እንስሳት ሴሪያንታሪያ የሚባል የራሳቸው ወገን እንዳላቸው፣ ከአኒሞንና ከኮራል ጋር የአክስት ልጅ ያህል እንደሚዛመዱ፣ በየትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደሚቀመጡ ግን ሊቃውንቱ ገና እየተከራከሩበት እንደሆነ አስረዱ። ቀጥለው ወደ ቱቦው ገቡ። እዚህ ላይ መልሱን ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት።

ጄሊፊሽ፣ አኒሞን፣ ኮራል ሁሉም ተናዳፊ ህዋስ አላቸው። እያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ ጥቃቅን እንክብል አለች። እንክብሏ ውስጥ ክር ተጠምጥሞ ይቀመጣል፤ ሲነኳት ክሩ ይወረወራል። ሥራው መውጋትና መርዝ መስጠት፣ ወይም አጣብቆ መያዝ ነው። ባለ ቱቦዎቹ ግን ከዚህ በተጨማሪ ሌላ ዓይነት እንክብል አላቸው። የዚህኛው ክር እሾህ የለውም። አልተጠመጠመም፤ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ወዲያና ወዲህ ታጥፎ ነው የተቀመጠው። ሲለቀቅ ተዘርግቶ ይጣበቃል። እንስሳው በሺህ የሚቆጠር ክር ከሰውነቱ ግድግዳ ላይ ያፈናጥራል። ክሮቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ልጋጉ ያያይዛቸዋል። አሸዋና ጭቃ ይለጠፍበታል። ቱቦ ይሆናል። ይህን እንክብል ራሱን የቻለ ዓይነት ብለው እ.ኤ.አ. በ1977 ያስታወቁት ሪቻርድ ማሪስካልና ሁለት ባልደረቦቹ ናቸው። ስሙ ፕቲኮሲስት ነው፤ የግሪኩ ቃል እጥፋት ማለት ነው።

መምህሩ ለማስረዳት የሸማኔ ምሳሌ አመጡና ወዲያው ራሳቸው አፈረሱት። ሸማኔ ድርና ማግ አለው፤ ይህ የለውም። ሳይፈተልና ሳይሸመን ወደተወቀጠ ሱፍ የቀረበ ነው፤ ተወቅጦ እርስ በርሱ የተያያዘ። እኔ ካልሲ ማለቴ ታዲያ ያን ያህል አልሳትኩም። ጦር መሣሪያውን ቀጥቅጦ ቤት የሠራ እንስሳ ነው እቤቴ የገባው።

መልስ 7 የእኔ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩ። ማንን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ጠላቂው በመልስ 8 ተመለሰና የውይይቱን ጣፋጭ ነገር ጻፈ። ሞንተሬይ ውስጥ ከሳን ካርሎስ የባሕር ዳርቻ ተነስቶ ይጠልቃል። ውኃው ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ነው። ታች አሸዋው ላይ እነዚህ ባለ ቱቦዎች በየቦታው ቆመዋል። ከርቀት ሲታዩ በነፋስ የሚወዛወዝ የጤፍ ማሳ ይመስሉታል። አንድ ቀን በአንዱ አጠገብ ተንበርክኮ ሲያይ ከአሸዋው ላይ ዛጎል የሌለው የባሕር ቀንድ አውጣ እየተሳበ መጣ። ዴንድሮኖተስ አይሪስ ይባላል። ትልልቁ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ጀርባው ላይ ቅርንጫፍ የመሰሉ ነገሮች ተደርድረዋል። ቀስ አለ። ቆመ። የፊት ግማሽ አካሉን ከአሸዋው አነሳ። ክንዶቹ ሥር ሆኖ ትንሽ አንገቱን ወዘወዘ፤ ጠላቂው የሚያሸት መሰለው። ከዚያ እንደ ድመት ተወረወረ።

አንድ ጭብጥ ክንድ ነክሶ ያዘ። ባለ ቱቦው በቅጽበት ወደ ታች ሰመጠ። ቀንድ አውጣውም አልለቀቀም። ጭንቅላቱ ተጎትቶ ቱቦው ውስጥ ገባ። ውጭ የቀረው ጅራቱ ነው፤ እንደ ቡሽ ቱቦውን ደፍኖ ቆመ። ጠላቂው አየሩ እያለቀበት ሰዓቱን እያየ ጠበቀ። ከደቂቃዎች በኋላ ቀንድ አውጣው ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ ወጣ። አፉ ላይ ሐምራዊ ክር ተንጠልጥሏል። ምንም እንዳልተፈጠረ ሄደ። ባለ ቱቦው ግን አይሞትም፤ የተበላው ክንድ ይበቅልለታል። ቀንድ አውጣው እንቁላሉን የሚጥለውም በዚያው ቱቦ ላይ ነው። ነጭ ክር ሆኖ ተጠምጥሞ ያዩታል። ምሳውን ከሚበላበት ቤት ግድግዳ ላይ ልጆቹን ሰቅሎ መሄድ ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው የእኔ አስተያየት ነው፤ እሱ እንዲህ አላለም።

መልስ 9 ይበላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሐበሻ ባለበት ይህ ጥያቄ አይቀርም። መልስ 10 ስፔን ካዲዝ ውስጥ የሚኖር ልጅ ነው፤ እዚያ ተራውን አኒሞን ዱቄት ለውሰው በዘይት እንደሚጠብሱትና እሱም ቀምሶ የባሕር ጣዕም እንዳገኘበት ተረከ። ከዚህ በኋላ ውይይቱ ከእጄ ወጣ። ከመልስ 11 እስከ 15 የጾም ክርክር ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ከሚለው ተነስተው፣ ዓሣ ያልሆነው የባሕር ፍጥረት ከየት ይመደባል ወደሚለው አለፉ። አንዷ እህት የእናቷን ቤት ሥርዓት ጠቀሰች። አንዱ ዘመናይ ብሎ ሰደባት። ሌላው እሱን ሰደበ። መልስ 16 ላይ አወያያችን ገብቶ ይህ የዓሣ ገንዳ መድረክ መሆኑን አስታወሰና ሁሉም ጸጥ አለ።

መልስ 17 የኤላቷ እህታችን ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ እስራኤል ነው ያደገችው። አማርኛዋ ውስጥ አንዳንድ ቃል ሲጎድላት ዙሪያውን ዞራ ትገልጸዋለች፤ እኔ አጻጻፏን እወድላታለሁ። ቀይ ባሕር ውስጥ ቀን ቀን ጠልቃ ባለ ቱቦውን አይታ እንደማታውቅ ጻፈች። አሸዋው ባዶ ነው። ከኮራሉ ርቆ ያለውን ባዶ አሸዋ ጠላቂ ሁሉ ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው። ማታ በባትሪ ስትወርድ ግን ያ ባዶ ያለችው ሜዳ አብቦ ጠበቃት። ብርሃኑን በቀጥታ ስታበራበት እንደ ዣንጥላ ታጥፎ ገባ። ጣቷን በባትሪው ላይ አድርጋ ብርሃኑን ስታደበዝዘው ቀስ እያለ ወጣ። በጨለማ የሚወጡት ማታ ማታ የሚንሳፈፈውን ፕላንክተን የሚባል ጥቃቅን ፍጡር ለማጥመድ እንደሆነም ጨመረች። ውጪ ያሉት ረጃጅም ክንዶች ይይዛሉ፤ ውስጥ ያሉት አጫጭሮቹ ወደ አፍ ያቀብላሉ። አንዱ አራጅ፣ አንዱ አጉራሽ።

ቀይ ባሕር የሚለው ቃል ከተነሳ ደግሞ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። መልስ 18፣ 19 እና 20 የአሰብ ጉዳይ ናቸው። ስለ አኒሞን አንድም ቃል የላቸውም። አወያዩ ሁለቱን አጠፋ፤ አንዱን ለምን እንደተወው አልገባኝም። መልስ 21 የእሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከመጀመሪያው ጠንከር ያለ።

መልስ 22 ላይ የኤላቷ እህት ተመለሰች። የመጣችው እኔን ልትጠይቅ ነው። በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ስለ ጥቁር ላባ መሳይ ነገር መጻፌን ልብ ብላዋለች። ሌላው ሁሉ አልፎታል። ምን ያህል ነበሩ? ስትነካቸው ወደ ውስጥ ይገቡ ነበር? አስታወስኩ። አዎ፣ ይገቡ ነበር። ሻጋታ የት አባቱ ገብቶ ያውቃል! ትል መሆናቸውን ነገረችኝ። ፎሮኒስ አውስትራሊስ ይባላሉ። መጀመሪያ የተገለጹት ከሲድኒ ወደብ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። የሚኖሩት በባለ ቱቦው ቱቦ ግድግዳ ውስጥ የራሳቸውን ቀጭን ቱቦ ሠርተው ነው። ጭንቅላታቸው ላይ ያለው ላባ ከውኃው ጥቃቅን ምግብ ያጣራል። ባለቤቱን አይበሉትም። ጥገኛ ከምንላቸው ተከራይ ማለት ይሻላል፤ በአንድ ቱቦ ላይ በርካታ ሆነው ይገኛሉ።

እኔ የአንዱን ቤት ብቻ አልነበረም ያፈረስኩት። ተከራዮቹንም ከነግድግዳቸው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከትቻለሁ። መልስ 23 የእኔ ነው። አንድ መስመር ነው፤ አልደግመውም።

መልስ 24 ሳይራራ መጣ። በስሙ አዲስ ሰው ነው። የማያውቁትን እንስሳ ገዝቶ በመቀስ የሚገፍፍ ሰው ገንዳውን ሸጦ ወርቃማ ዓሣ በብርጭቆ ማሳደግ እንዳለበት ጻፈ። እንደ እኔ ያሉት ናቸው ባሕሩን እያራቆቱ ያሉት ብሎም ከሰሰኝ። እውነቱን ልናገር? ግማሹ ትክክል ነው። ግማሹ ግን ስድብ ነበር። መልስ 25 ለእኔ ተከራከረ፤ መልስ 26 ለከሳሹ። መልስ 27 ላይ ጠላቂው ሁለቱንም ዝም አሰኛቸው። ወቀሳው ለነገ እንዲቆይ፣ እንስሳው ዛሬ አሸዋ ላይ እንደተጋደመ ስለሆነ ዛሬ ምን ይደረግ የሚለውን እንድንመልስ ለመነ።

እዚህ ላይ የዱባዩ ሰው መልስ 28 ብሎ ብቅ አለ። አሁን ድምፁ ቀዝቅዟል። ግን አልተሸነፈም። ቱቦው ከሆነ ችግሩ እንስሳው ራሱ ይሥራው፤ ለምን ቀጥ ብሎ መቆም እንዳለበት ማስረጃ ካለ እንዲያሳዩት ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

መልስ 29 የመምህሩ ነው። ዣክ ሎብ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1890 ወዲያና ወዲህ ኔፕልስ ላይ ከሜዲትራኒያኑ ዝርያ፣ ከሴሪያንተስ ሜምብራናሴየስ ጋር የሠራውን ሙከራ ጻፉልን። ሎብ እንስሳውን ከቱቦው አወጣና በሽቦ ወንፊት ላይ አጋደመው። እንስሳው የሾለ ታቹን አጎነበሰ። በአንዱ ቀዳዳ ቁልቁል ሰደደው። ሰውነቱ ተከተለ። ራሱ ወደ ላይ ሆኖ ቆመ። ሎብ ወንፊቱን ገለበጠው። እንስሳው እንደገና ታቹን አጠፈና በሌላ ቀዳዳ ወደ ታች ላከው። ሎብ መልሶ ገለበጠው። እንደዚያ እያለ እንስሳው በሽቦው መካከል እንደ ማግ ወጥቶ ገብቶ ተሸመነ። እዚህ ላይ መምህሩ የሸማኔው ምሳሌ በስተመጨረሻ ቦታውን አገኘ ብለው ቀለዱ። እሳቸው ሲቀልዱ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ እንስሳው ታችና ላይ ያውቃል። ታቹን ቁልቁል ካልላከ አያርፍም። የእኔ ገንዳ አሸዋ ውፍረቱ አራት ጣት አይሞላም። ሲገፋ የሚያገኘው መስታወት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ መስታወት ሲገፋ ነው የኖረው፤ እኔ ደግሞ ተኝቷል እል ነበር።

መልስ 30 ዳላስ ያለ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ዓሣም አኒሞንም አያውቅም፤ እዚህ መድረክ ላይ ምን እንደሚሠራ ራሱም አያውቅ ይሆናል። ግን ቱቦ ሲባል ሰማና መጣ። ሙጫ ያልነካው፣ ለመጠጥ ውኃ የሚሆን ነጭ የፒቪሲ ፕላስቲክ ቧንቧ እንድገዛ፣ ስፋቱ እንስሳው ሲነፋ ከሚይዘው ትንሽ እንዲበልጥ፣ የተቆረጠውን አፍ ምላጭ እንዳይሆንበት በአሸዋ ወረቀት እንዳሻሽለት ነገረኝ። ጠላቂው አጸደቀለት። ረጅም የአበባ ማስቀመጫ መስታወት ውስጥ ቧንቧውን አቁሜ፣ ዙሪያውንም ውስጡንም በለስላሳ አሸዋ ሞልቼ፣ እንስሳውን ታቹን ወደ ታች አድርጌ ቀስ ብዬ እንዳስገባው ተስማሙ። መብራት እንደማያስፈልገውም አሳሰቡኝ፤ እንደ ብዙ ኮራሎች ሰውነቱ ውስጥ በፀሐይ የሚመግበው አልጌ የለም። በልቶ ነው የሚያድረው።

አደረግኩት። 25 ሳንቲ ሜትር ቧንቧ። ባለቤቴ የአበባ ማስቀመጫዋን አይታ ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ ግን ከመልስ 24 ይብሳል። መልስ 31 ላይ ፎቶ ለጠፍኩ።

መልስ 32 የአንድ ተማሪ ነው። ልጁ ዘረመል ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ጠቀሰ። የሁላችንም ህዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባል ኃይል ማመንጫ አለ፤ የራሱ አጭር ዘረመልም አለው። የሰው 16,569 ፊደል ነው። ኢሳራክናንተስ ኖክተርነስ የሚባለው ባለ ቱቦ ግን 80,923 ፊደል አለው፤ ጥናቱ በወጣበት ጊዜ በእንስሳት ዘንድ ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ነበር። የእኛ ክብ ነው፤ የእሱ ቀጥ ቀጥ ያሉ አምስት ቁርጥራጭ ነው። ሌላው ዘመዱ፣ ፓኪሴሪያንተስ ማግነስ፣ ስምንት ቁርጥራጭ አለው። መልስ 33 ይህ ሁሉ ፊደል ይዞ አንጎል እንኳን የለውም ብሎ አፌዘ። መልስ 34 ላይ መምህሩ የዘረመል ርዝመት የብልህነት መለኪያ እንዳልሆነ፣ የገጽ ብዛትም የመጽሐፍን ቁም ነገር እንደማይለካ በአጭሩ ነገሩት። ትንሽ ተቆጥተዋል መሰለኝ።

መልስ 35 ከግላስጎው ነው። ነርስ ናት፤ በዕረፍቷ ትጠልቃለች። ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ዱይክ፣ ማለትም ዱይክ ሐይቅ የሚሉት አለ። ሐይቅ ይበሉት እንጂ ወደ ተራራ መሐል የገባ የባሕር ክንድ ነው። ታቹ ጭቃ ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ጥቁር። እዚያ ርችት አኒሞን የሚሉት ባለ ቱቦ አለ። ክንዶቹ ሲዘረጉ ሌሊት ሰማይ ላይ የፈነዳ ርችት ይመስላሉ። ቱቦው ጭቃው ውስጥ እስከ አንድ ሜትር ይወርዳል። ይህንን ስሰማ የእኔ 25 ሳንቲ ሜትር አሳፈረኝ። ቱቦው ከእንስሳው ይረዝማል፤ እንስሳው በዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ሊፍት ይወጣል ይወርዳል። እሷ እግሯ ላይ ባጠለቀችው የመዋኛ መቅዘፊያ ጭቃውን ነካ ስታደርግ ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለው ጠፋ። የቀረው የቱቦው አፍ ብቻ ነበር፤ ለስላሳ፣ ትንሽ ዘንበል ያለ፣ ከጭቃው የወጣ እጅጌ።

ከ36 እስከ 38 ስለ ስኮትላንድ ብርድና ስለ ነርስ ደሞዝ ነው። ጠቃሚ ነው፤ ግን ለሌላ ቀን።

መልስ 39 የእኔ ነው፤ ስለ ጎቢዋ። በአምስተኛው ቀን ማለዳ ቧንቧው አጠገብ አሸዋው ላይ ባቄላ የምታክል እንክብል አገኘሁ። በወረንጦ አነሳኋት። በልጋግ የተጠቀለለ ቅርፊትና ቀጫጭን አጥንት ነበር። ያልተፈጨውን በአፉ ነው የሚተፋው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የውኃ ማጣሪያውን ስጠረጥር ነበር። ከሱቅ የመጣልኝ ምክር ክላውንፊሾቼ እንደሚወዱት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ አይቀርቡትም፤ እነሱ የሚኖሩበት ተራው አኒሞን ነው። ዓሦቼ ከእኔ የተሻለ ያውቁ ነበር።

ግን የጻፍኩት ስለ ዓሣዋ ብቻ አልነበረም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በቀይ ባትሪ አይቼው ነበር። ቀይ ብርሃን እንደማያስደነግጠው የነገረችኝ የኤላቷ እህት ናት። ክንዶቹ ተዘርግተዋል። ከቧንቧው አፍ በላይ፣ አንገቱ ዙሪያ፣ እንደ ሽንኩርት የውስጥ ሽፋን ስስ የሆነ ነገር ተጠምጥሟል። መጀመሪያ ዓይኔ ነው አልኩ። ሦስት አራት ፍሬ አሸዋ ተለጥፎበታል። አንዷ ፍሬ በክር ጫፍ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች። ፎቶ ላነሳ ስል ስልኩ በራሱ ብልጭ አለ። ጠፋ። ስሷ ነገር ግን ቀረች፤ ቀጥ ብላ ቆማ።

ከመልስ 40 እስከ 45 እንኳን ደስ አለህ ነው። መልስ 41 ላይ ከሳሼም ሳይቀር አንዲት አውራ ጣት ለጠፈ። መልስ 46 የዱባዩ ሰው ነው። ያንን የጠላቂውን ጥያቄ ከሁለት ሳምንት በኋላ መለሰው፤ ዓመት የሞላው የለም። ከዚያ የቧንቧውን ስፋት በሚሊ ሜትር እንድነግረው ጠየቀኝ። 40 ነው ብዬ ጻፍኩለት።

መልስ 47 ትናንት ማታ ገባ። አዲስ አባል ነው፤ ከመጀመሪያው ጽሑፌ ውጪ አንድም እንዳላነበበ ያስታውቃል። በጣም ጨዋ ሰው ነው። አኒሞኔን እግዜር እንዲምርልኝ ከተመኘ በኋላ፣ ውኃውን ሲሶ ያህል እንድቀይርና አንገቱ ላይ ያለውን ቆሻሻ በለስላሳ ብሩሽ እንዳጸዳለት መከረኝ።